የቃጫ ፕላስቲክ ልትገዙ ነው? ማያያዣውን ጠይቁ

የቀርከሃ ዱቄት፣ የሲሳል ወይም የሄምፕ ቃጫ የገባባቸው ኩባያዎች፣ ሳህኖችና የችግኝ ማሳደጊያዎች መደርደሪያ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ቡናማ መልክ፣ ነጠብጣብ፣ እሽጉ ላይ አረንጓዴ ቅጠል። ቃጫው የትም ቢገባ ተክል ነው። ዕቃው መበስበስ አለመበስበሱን የሚወስነው ቃጫውን አያይዞ የያዘው ፕላስቲክ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ስለ እሱ ብዙም አያወራም።

ከሚበሰብሱት በብዛት የሚገኘው ፒኤልኤ ነው። ከበቆሎ ስታርች ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ይሠራል፤ ዋጋውም ከአንዳንዶቹ የሚበሰብሱ ፕላስቲኮች ይቀላል። ቃጫ ሲገባበት ይጠነክራል። ሙቀት ላይ ግን ቃጫው ብዙም አያድነውም፤ ተራው ዓይነት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ከጀበና የወረደ ቡና ልትቀዱበት ካሰባችሁ እርሱት። ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የሚሠራም አለ፤ የሚችለው ዲግሪ እሽጉ ላይ ካልተጻፈ ግን እንደ ተራው ቁጠሩት። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ የማሸጊያ መመዘኛ በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶ እንዲበሰብስ ይጠይቃል፤ ይህ ግን 58 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ነው። ጓሮ የተቀበረ ፒኤልኤ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ኮምፖስት ማዘጋጃ በሌለበት ከተማ «ይበሰብሳል» ለሚል ጽሑፍ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይታየኝም።

ፒኤችኤ በባክቴሪያ የሚመረት ነው። ተራ አፈር ውስጥ፣ ባሕር ውስጥም ሳይቀር ይበሰብሳል፤ ዋጋው ግን ከፒኤልኤ ይበልጣል። ለችግኝ የምመርጠው ይህንን ነው። ቃጫ ውኃ ይመጥጣል፤ ኩባያ ላይ ያብጣል፣ ያስቸግራል፤ አፈር ውስጥ ግን መበስበሱን ያፋጥናል። ችግኙን ከነዕቃው ትተክላላችሁ።

ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የተለመደ ፕላስቲክ ቃጫ ቢገባበትም አይበሰብስም። ጠንካራ ነው፣ ይታጠባል፣ ሙቅ ነገር ይችላል፤ ለዓመታት ለሚያገለግል ዕቃ ከሆነ ከሁለቱም ይሻላል። «ይበሰብሳል» እያለ የሚሸጠውን ነጋዴ ግን እለፉት።

«የቀርከሃ ኩባያ» የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማያያዣው ሜላሚን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የጀርመን ፌዴራል የአደጋ ምዘና ተቋም በ2020 እ.ኤ.አ. ሙቅ መጠጥ ሲቀዳበት ሜላሚንና ፎርማልዴሃይድ የተባሉ ለጤና ጎጂ ኬሚካሎችን ወደ መጠጡ ሊለቅ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በአውሮፓ ኅብረት ምግብ በሚነካ ፕላስቲክ ውስጥ የቀርከሃ ዱቄት መጨመር አልተፈቀደም። ዘመድ ከዚያ ሲመጣ ስጦታ ብሎ ቢያመጣላችሁ እስክሪብቶ ማስቀመጫ አድርጉት።