የባለቤቴን አንደበት የፈቱልን መምህርት

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ስራችሁ የሰው ስም መጥራት የሆነ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለቤቴ ቻይናዊት ናት፣ የቼንግዱ ልጅ። እዚያ ስማር ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ከዚያ ሜሪላንድ መጣን። እንግሊዝኛ በጽሁፍ ከሆነ እኔን ታስከነዳኛለች። ስራዋ ግን ፋርማሲ ነው። መድኃኒቱ ሲዘጋጅ የደንበኛውን ስም ጮክ ብላ መጥራት አለባት። መከራዋ እዚያ ላይ ነበር።

በቻይንኛ «ቭ» የሚባል ድምፅ የለም። ስለዚህ ቪቪያን «ዌይዌይአን» ትሆናለች። ዴቪድን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው «ዳዌይ» ብላ ነው። ቼንግዱ ላይ ደግሞ «ን» እና «ል» ይቀላቀላሉ፤ ናንሲ አንዳንዴ «ላንሲ» ሆና ትወጣለች። አንዷ ደንበኛ ሰው ሁሉ እየሰማ «ስሜን መጥራት የሚችል ሰው አምጡልኝ» አለቻት። ያን ቀን እራቷን ሳትበላ ተኛች። ከዚያ በኋላ ስም መጥራቱን ትታ በእጇ መጠቆም ጀመረች።

ያልሞከርነው የለም። አንድ ቦታ የ20 ሰዓት ክፍያ ቀድመው ተቀበሉን። ትምህርቱ «ከእኔ በኋላ በይ» ብቻ ነበር። ስትሳሳት ያንኑ እየጮሁ ይደግሙላታል፣ ጆሮዋ የማይሰማ ይመስል። ሌላኛው አስተማሪ በሶስተኛው ሳምንት «ምን አደከመሽ፣ ‹ሰር›፣ ‹ማም› እያልሽ እለፊው» አላት። የቀረውን ገንዘብ ስንጠይቀው ስልክ ማንሳት አቆመ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ገንዘቡስ ይሁን፣ ልማር ብሎ የመጣን ሰው እንዲህ አንገት ማስደፋት ምን ይባላል?

እኚህን መምህርት የጠቆመችን የሰፈራችን ልጅ ናት። ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው፣ የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ያስተምራሉ። የመጀመሪያ ቀን እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

«ስምሽ ማን ነው?» አሏት። ለስራ ያወጣችውን የእንግሊዝኛ ስም ነገረቻቸው።

«እሱን አይደለም። እናትሽ የምትጠራሽን።»

ነገረቻቸው። ሞከሩት፣ አልሆነም። ደገሙት፣ አሁንም አልሆነም። ድምፁ ወደ ታች ወርዶ መልሶ የሚነሳ ነው፤ በቻይንኛ ዜማው ከተበላሸ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ወረቀት አምጥተው መውጫ መውረጃውን እንደ ኮረብታ በእርሳስ ሣሉት። ባለቤቴ እርሳሱን ተቀብላ ሸለቆውን ዝቅ አደረገችላቸው። ግማሽ ሰዓት እንዲሁ አለቀ፣ ሊያስተምሯት የተቀመጡትን እሷ እያስተማረች። በመጨረሻ ልክ አሉት። ባለቤቴ አጨበጨበች፣ ከልቧ ሳቀች። ያንን ሳቅ ካየሁት ስንት ወር ሆኖኝ ነበር!

«አየሽ፣ የእኔም ምላስ እንቢ ብሎኝ ነበር። አሁን የአንቺ ተራ» አሏት።

ከዚያ መስታወት ሰጧት። የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ሲነካ «ቭ» መጣ። ለረጃጅም ስሞች ደግሞ ላስቲክ አስያዟት። እሷ የስሙን ክፍሎች ሁሉ እኩል ትረግጣቸው ነበር። «ቪክቶሪያ» ስትል «ቶ» ላይ ላስቲኩን ትለጥጣለች፣ ሌላው ላይ ትለቀዋለች። ስለ ምላስና ላንቃ የተነጋገሩት ብዙ ነው፤ እኔ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ በሶስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልተቆጧትም።

ባለፈው ሳምንት ከስራ ልወስዳት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። «ቪቪያን!» አንዲት ምርኩዝ የያዙ እናት ዞር ዞር ሳይሉ ተነስተው መጡ፣ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሄዱ። ለእሳቸው ምንም አይደለም። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

እኛ ሐበሾችስ? ስቲቭን «እስቲቭ»፣ ስሚዝን አንዴ በ«ዝ» አንዴ በ«ስ» እያልን አይደል የምንኖረው? ነርስ የሆናችሁ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሰሩ፣ ልጃችሁ መምህሯን በስሟ ለመጥራት የምታፍርባችሁ፣ ሂዱ! ነገ ዛሬ አትበሉ። እድሜና ጤና ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የሚያስቸግሯችሁን ስሞች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። የራሳችሁንም ስም አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።