ዩቲዩብን ከቤት መብራት ማገናኘት፦ በኢፍት ወይስ በራስ ኮድ?

የምትከታተለው ቻናል ቪዲዮ ሲለቅ ጠረጴዛህ ላይ ያለው መብራት ቦግ እንዲል ፈለግህ እንበል። ኢፍት (IFTTT፣ አፖችንና ዕቃዎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ የኢንተርኔት አገልግሎት) ይሻላል ወይስ ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያላት፣ ኮድ የሚጫንባት ትንሽ ቦርድ) ላይ የራስህን ኮድ መጻፍ?

ቅለት፦ ኢፍት ኮድ አይጠይቅም። "ይህ ሲሆን ያንን አድርግ" ብለህ ስማርት አምፖልህን ታገናኛለህ፣ አለቀ። በኢኤስፒ32 ግን ዋይፋዩም፣ ስህተት ለቀማውም ያንተው ጣጣ ነው።

ወጪ፦ የኢፍት ነፃ ዕቅድ ከ2 አፕሌት (እንዲህ ያለው እያንዳንዱ ትእዛዝ) አያልፍም። የዩቲዩብ ኤፒአይ (ኮድህ ከዩቲዩብ መረጃ የሚጠይቅበት መንገድ) ደግሞ በቀን 10,000 ዩኒት (የጥያቄ መለኪያ) በነፃ ይሰጣል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ነው። አንድ ፍለጋ 100 ዩኒት ይበላል፤ በየደቂቃው ፍለጋ ካደረግህ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮታህ ያልቃል። የቻናሉን የቪዲዮ ዝርዝር መጠየቅ ግን 1 ዩኒት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በየደቂቃው ብትጠይቅ 1,440፣ ይተርፍሃል።

አደጋ፦ ኢፍት ሲዘገይ መብራትህም ይዘገያል። በኮዱ በኩል የሚያሰጋው የኤፒአይ ቁልፉ (እንደ ይለፍ ቃል ያለ የግልህ ምስጢር) ነው፤ ጊትሃብ (ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ) ላይ ከኮዱ ጋር እንዳትለቀው።

አንድ አምፖል ለማብራት ብቻ ከሆነ በኮድ መድከም ትርፉ ልፋት ነው፤ ኢፍት ይበቃል። የሰብስክራይበር ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ወይም ሞተር ካማረህ ወደ ኮዱ ሂድ። ብቻ ዩቲዩብ ቁጥሩን ወደ ታች አጠጋግቶ ነው የሚሰጥህ፦ 12,345 ያለው ቻናል 12,300 ሆኖ ይመጣል።