ቤንዚን ሲያልቅ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ወይስ ብስክሌት?

ማደያ ደጃፍ የተኮለኮለውን የባጃጅ ሰልፍ ያየ ሰው፣ ቤንዚን ጭራሹን ቢጠፋ ምን እንደሚውጠን ማሰቡ አይቀርም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የመንግሥት መልስ ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና። የእኔ ልብ ግን ወደ ብስክሌት ያደላል።

ለመኪናዋ የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። ነዳጅ በዶላር ከውጭ ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች የሚመነጭ ነው። ለአነስተኛ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃታል። ዳገት አታማርርም፤ ሕመምተኛም፣ አሮጊት እናትም፣ አንድ ኩንታል ጤፍም ትጭናለች። ጣጣው የሚጀምረው መብራት ሲጠፋ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የኮንዶሚኒየም ነዋሪስ ገመዱን በየት በኩል ይዘርጋ? ባትሪዋ ሲደክም ደግሞ የመተኪያው ዋጋ ያስደነግጣል።

ብስክሌት ከዚህ ሁሉ ነፃ ናት። ጎማ መለጠፍና ሰንሰለት ዘይት መቀባት ለሚችል ሰው ጥገናዋ እቤት ያልቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የዳገት ከተማ ናት፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ መውረድ ደስታ ነው፣ መመለሱን ተዉት።

ስለዚህ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ብስክሌትን እመርጣለሁ። ለአዲስ አበባ የኤሌክትሪኩን እቀበላለሁ፤ ግን አውቶቡሱን። የግል መኪና በቤንዚንም ሆነ በባትሪ ብትሄድ መንገድ ላይ የምትይዘው ቦታ ያው ነው።