ስምንት ወር በአሲክስ ጫማ፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጨሞጋ

ጫማውን ያገኘሁት ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው። ጎኑ ላይ የተጠላለፉት መስመሮች አልደበዘዙም፤ ሶሉም እምብዛም አልተበላም። ሻጩ «ሁለት ጊዜ ብቻ የተረገጠ ነው» አለኝ። ማን እንደቆጠረለት አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማለዳ፣ ወደ ጨሞጋ ወንዝ በኩል 8 ኪሎ ሜትር እሮጥበታለሁ፤ ሲደመር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኗል።

ተረከዙ ዛሬም ልስልስ ነው። ቁልቁለት ስወርድ ይነዝረኝ የነበረው ጉልበቴ ጋብ ብሎልኛል። ከሁሉ የወደድሁት ግን ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ አያያዙን ነው፤ የድርጅቱን ታሪክ እንዳገላብጥ ያደረገኝም ይኸው ነው።

የአሲክስ መሥራች ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ጃፓን ኮቤ ከተማ ነው። መጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ጫማ ሠራ። ሮጦ ድንገት መቆም የሚያስችል ሶል ግን አልሆንልህ አለው። በ1951 ኦክቶፐስ የተባለው የባሕር እንስሳ ከኪያር ጋር ምግብ ሆኖ ቀረበለት። እንስሳው እጁ ላይ ባሉት ትንንሽ ጎድጓዳ መጣበቂያዎች ያገኘውን ሁሉ ይዞ አይለቅም። ኦኒትሱካም ሶሉን እንደዚያ ጎደጎደው። የመጀመሪያው ከልክ በላይ እየያዘ ተጫዋቾቹን በአፍጢማቸው ይደፋቸው ስለነበር ጉድጓዱን ማሳነስ ግድ ሆነበት።

አበበ ቢቂላም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላ፣ በ1961 ለማይኒቺ ማራቶን ኦሳካ ሲገባ ኦኒትሱካ ራሱ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ፣ መንገዱ የጠርሙስ ስባሪ አለበት ብሎ ጫማ እንዲያደርግ ለመነው። አበበ የኦኒትሱካን «ታይገር» አድርጎ ሮጠ፤ አሸነፈም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ያደረገው ግን ፑማ ነው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ። በዚያው ዓመት ፊል ናይት የተባለ አሜሪካዊ ታይገርን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ፤ ያ ድርጅት ኋላ ናይኪ ሆነ። አሲክስ የሚለው ስም የመጣው በ1977 ኦኒትሱካ ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሲዋሃድ ነው። «ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል» ከሚል የላቲን አባባል የቃላት መነሻ ፊደላት የተሠራ ስም ነው።

ወደ እኔው ጫማ ልመለስ። በአምስተኛው ወር የግራው ሶል ከአፍንጫው ተላቀቀ። ጫማ ሰፊው በጥፍሩ ፈቅፈቅ ሲያደርገው ማስቲሹ እንደ ደረቀ ሙጫ ፍርፍር አለ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ነው» አለኝ። ሻጬ ስለ እርግጫው እንጂ ስለ ዕድሜው ምንም አላለኝም ነበር። ሰፊው አሮጌውን ማስቲሽ በምላጭ ፍቆ አዲስ ቀባው፤ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ አሳደረው፤ በማግስቱ ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፋው። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

በክረምት በማሳ ዳር ላቋርጥ ብዬ አንድ ጊዜ የጭቃ ጫማ አድርጌው ተመልሻለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ለአስፋልት የተሠራን ጫማ ጥቁር አፈር ውስጥ የነከርሁት እኔ ነኝ። ከሶሉ ሽንቁሮች ጭቃውን በሚስማር ስፈለቅቅ ግማሽ ቀን ሄደብኝ።

ትናንት ደግሞ የቀኙ አፍንጫ አፉን መክፈት ጀምሯል። ሰፊው ያንኑ ከመነዳሪ አስቀምጦልኛል።