ቮልስ ያላችሁ ሰዎች፣ በርካሽ የሚሸጠውን «ሙሉ የዲስክ ፍሬን ኪት» እንዳትገዙ!

ሰላም የቮልስ ቤተሰቦች። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይም ጋራዥ ውስጥም «የቮልስ ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ በአንድ ቀን እንቀይራለን፣ ሙሉ ኪት ከነእጅ ዋጋው» የሚል ነገር በዝቷል፣ ዋጋው ደሞ ያጓጓል። ታምቡር የሚባለው ሸራ ከውስጥ እየገፋ የሚይዘው የድሮው ፍሬን ነው፣ ዲስክ ደሞ ካሊፐር የሚባለው መያዣ ክብ ብረቱን በፓድ ቆንጥጦ የሚይዝበት ነው። እባካችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ፣ ቮልስ ላለው ሰው ሁሉ ንገሩ፣ ይሄ የቀለም ወይ የወንበር ልብስ ስራ አይደለም፣ ፍሬን ነው።

አጎቴ በ35 ሺ ብር አሰሩ። መኪናቸው ጎማዋ በ4 ቡሎን የሚታሰር ቮልስ ናት፣ ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ ትጎትት ነበር፣ ያ ደሞ ሸራና ማስተካከል ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። የጋራዡ ልጆች ግን «ፋዘር ታምቡር እኮ ጊዜው አልፎበታል፣ ዲስክ እናስገባልዎትና ነክተው ብቻ ትቆማለች» አሏቸው። ስራው አልቆ ብዙም ሳይቆይ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ፔዳሉ ወለል ነካ፣ ቢረግጡ ቢረግጡ ምንም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን ማርሽ አውርደው የእጅ ፍሬኑን እየሳቡ ዳር አስያዟት። የእጅ ፍሬኑ የሰራው የኋላው ታምቡር ስላልተነካና በገመድ ስለሚሰራ ነው።

ተጎትታ ቤት መጣችና የፊት ጎማዎቹን አውልቀን አየን። ዲስኩ የቮልስ አይደለም፣ ከትንሽ የጃፓን መኪና የወረደ ነው፣ የቡሎን ቀዳዳው ስለማይገጥም በድሪል አዲስ ቀዳዳ በስተውበታል። የቮልሷ ቡሎኖች 130 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነው የሚያርፉት፣ የዲስኩ የራሱ ቀዳዳ 100 ላይ ነው፣ ስለዚ አዲሱ ቀዳዳ ጠርዝ ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ በቀዳዳውና በጠርዙ መሀል የቀረችው ብረት ቀጭን ናት፣ ዲስክ ደሞ ካስት አይረን ስለሆነ ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍም። ካሊፐሩን የያዘው ላሜራ በእሳት ተቆርጦ የተበየደ ነው፣ የብየዳው ጫፍ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ጀምራለች። በጣም ያናደደኝ ግን የግራና የቀኙን ካሊፐር አቀያይረው መግጠማቸው ነው። አየር የሚወጣባት ትንሿ ቡሎን ወደ ታች ዞራለች። አየር ወደ ላይ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል፣ ያቺ ቡሎን ከላይ ካልሆነች ቀኑን ሙሉ ፔዳል ብትመቱ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው አየር አይወጣም።

ዋናው ጥፋት ግን የማይታየው ነው። ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ሲሊንደር፣ አልቀየሩትም። የታምቡር ማስተር ውስጥ ፔዳሉን ስትለቁት መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለች፣ ለታምቡር ጥሩ ናት፣ ሸራዎቹን የሚመልስ ስፕሪንግ ስላለው ያቺ ግፊት አትጎዳውም። ዲስክ ላይ ግን መላሽ ስፕሪንግ የለም፣ ስለዚ ፓዱ ዲስኩን ሳይለቅ እየፈተገ ይሄዳል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዶት 3 ፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ የአጎቴ ዘይት ደሞ መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ የለም። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። እንጦጦ ላይ የሆነው ይሄ ነው። አባይ በረሃን ለመውረድ ከጎሃ ጽዮን ቢነሱ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሻጩ ጋ ደውለን ስንጠይቀው «ማስተር ከኪቱ ጋ አልተካተተም» አለ። ታዲያ ምኑ ነው ሙሉ? ብራችንን ስንለው ስልኩን ማንሳት አቆመ። ደረሰኝ የለም፣ የሱቅ አድራሻ የለም፣ የተከፈለውም በሰው አካውንት ነው።

ዲስክ ቮልስ ላይ አይሰራም እያልኩ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ በፈረንጆቹ 1966 ያወጣውን 1500 ቮልስ አውሮፓ ውስጥ ከፊት በዲስክ ነው የሸጠው። ለቮልስ ተብሎ የተሰራ ኪት ጀርመንም አሜሪካም ይገኛል፣ ዘመድ ካላችሁ ማስላክ ይቻላል፣ ግን ብረት ስለሆነ የሻንጣውን ኪሎ ይበላዋል። እሱንም ስትገዙ የፊት እግሩን እዩ፣ እስከ 1965 ሞዴል ያሉት የፊት ጎማ ማዞሪያቸው ኪንግ ፒን የሚባለው ነው፣ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት የሚባለው ነው፣ የአንዱ ለአንዱ አይገጥምም። 5 ቡሎን ነው 4 ቡሎን የሚለውንም ቆጥራችሁ ተናገሩ፣ የዲስክ ማስተር፣ አዲስ የፍሬን ዘይት ቱቦና ኩሽኔታ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ርካሽ አይሆንም፣ እውነቱን ማወቅ ይሻላል።

ብር ከሌለ (አብዛኞቻችን የለንም) በኔ እምነት ታምቡሩን በደንብ ማሰራት ከዚህ ኪት መቶ እጥፍ ይሻላል። አዲስ ሸራ፣ በየጎማው ያሉት ሲሊንደሮች ጎሚኒ፣ ያረጁትን ቱቦዎች መቀየር፣ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ማስወጣት፣ ታምቡሩ ሞላላ ከሆነ ቶርኖ ቤት ማስላጥ፣ ከመጠን በላይ ካለቀ ግን መጣል። ከዛ ማስተካከያውን በትክክል ማስያዝ፣ ቮልስ በየጎማው ሁለት ማስተካከያ ነው ያላት፣ ብዙ መካኒክ አንዱን ብቻ ነክቶ ይሄዳል፣ ወደ አንድ ጎን የምትጎትተውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ታምቡር ሲዞር ሸራውን ራሱ ወደ ውስጥ ስቦ ስለሚይዝ አነስ ባለ ጉልበት ይሰራል፣ ዲስክ ያን አያደርግም፣ ሰርቮ (የፔዳል አጋዥ) የሌላት ቮልስ ላይ ዲስክ ሲገባ ፔዳሉ ጠንከር ነው የሚለው። ስለዚ «ነክተው ብቻ ትቆማለች» ያላችሁን ሰው አትመኑት።

ቀድማችሁ ያሰራችሁ ካላችሁ ደሞ ዛሬውኑ ፊቷን በክሪክ አንሱና ፔዳሉን ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ፓዱ ትንሽ ቢነካ ችግር የለውም፣ ጎማው ግን ከያዘ ወይም በጉልበት ብቻ የሚዞር ከሆነ ማስተሩ ሳይቀየር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የአየር ማውጫዋ ቡሎን ወደ ላይ መሆኗን እዩ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ በሁለቱም በኩል አዙራችሁ ቱቦው ጎማ እንደማይነካ ወይ እንደማይጠመዘዝ አረጋግጡ፣ የካሊፐር መያዣው ላይ ብየዳ ካለ በባትሪ አይታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ፣ ወይ ከነዳችሁ በኋላ የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ መኪናዋን አትንዷት፣ አስጎትታችሁ ቮልስ የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዷት። የኛን የድሮ ታምቡሮች ሶማሌ ተራ ፈልገን መልሰን እየገጠምን ነው፣ የናንተን የወለቀ ታምቡር ጋራዡ ካልሸጠባችሁ ቶሎ ሄዳችሁ ተቀበሉት።