«አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል?» ብላ ለጠየቀችን ሴት

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ስምንት ወር አለፈ። የዘገየሁት ታናሽ እህቴ «አሁን ጻፊው» እስክትለኝ ድረስ ስለጠበቅሁ ነው። ታሪኩ የእሷ ስለሆነ ቀኑንም የመረጠችው እሷ ናት።

የማመሰግናትን ሴት ስም አልጠራም፤ የምትሠራበትን የስልክ መስመርም ሆነ መጠለያውን አልጠቁምም። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ስማቸውና አድራሻቸው በምስጢር የሚያዘው፣ ከቤት የወጣች ሚስቱን የሚያሳድድ ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው እነሱን ስለሆነ ነው። ለገዛ ጓደኞቻቸው እንኳ «ቢሮ ነው የምሠራው» ብለው የሚያልፉ አሉ። ሐኪም በሽተኛ ሲያድን ስሙ በየቤቱ ይነሳል። የእነሱ ሥራ ሲሰምር ግን የሚታየው አንዲት ሴት በሰላም አድራ መነሳቷ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አይቶ አያመሰግንም። ስለዚህ ማንነቷን ትቼ ሥራዋን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልጋችሁ ስትፈልጉ ምን እንደምትፈልጉ እንድታውቁ።

አስቀድሜ ግን የራሴን ልናገር። እህቴ መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ማታ መጥታ «መታኝ» አለችኝ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ምን አድርገሽው?» የሚል ነበር። ቀጠልኩ፤ ትዳር መቻል ነው፣ ለልጆችሽ ስትዪ፣ ገመናሽን አደባባይ አታውጪ። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ክፉ አስቤላት አልነበረም። ግን እነዚያን ቃላት ሰምታ ከዚያ ቀን ወዲያ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን ቤቷ ሰላም የወረደበት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ።

ቁጥሩን ያገኘችው አንድ የሕክምና ተቋም ውስጥ፣ በሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ በውስጥ በኩል ተለጥፎ ነው። እዚያ የሚለጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐኪሙ ፊት ድረስ ተከትሏት የሚገባ ባል የማይገባበት ቦታ እሱ ነው። ስልኳን በየቀኑ ስለሚፈትሽ ቁጥሩን አልመዘገበችውም። በቃሏ ይዛው እኔ ቤት መጣችና በእኔ ስልክ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ስልኩን ያነሳችው ሴት «ምን ሆነው ነው?» አላለችም። «አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል? አጠገብዎ ማን አለ?» አለች። ቀጥላም «መስመሩ ቢቋረጥ መልሼ ልደውል ወይስ ልተው? ሌላ ሰው ቢያነሳው ማን ነኝ ልበል?» ብላ ጠየቀች። እህቴ መልስ ሳትሰጥ ማልቀስ ጀመረች። ስለመመታቷ ከመጠየቁ በፊት ደህንነቷ ያሳሰበው ሰው እስከዚያ ቀን አጋጥሟት አያውቅም ነበር። እንባዋን ጠርጋ «አንቺ በይኝ» አለቻት፤ ወሬያቸው በዚያው ቀጠለ።

ከዚያ ብዙ ጥያቄ መጣ። ድብደባው ባለፈው አንድ ዓመት እየበዛ ነው ወይስ እየቀነሰ? እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል? ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ? ነፍሰ ጡር ሆነሽ መትቶሻል? ማንን እንደምታገኚ፣ የት እንደምትሄጂ ይቆጣጠራል? እህቴ «አንዳንዴ»፣ «አይ» እያለች ቆይታ፣ በመሀል «አንገቴን ያዝ አድርጎኝ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ነው» አለች። እንደ ቀላል ነገር ነው የጠቀሰችው፤ እኔም እንደ ቀላል ነገር ነው የሰማሁት። ደም አልፈሰሰ፣ የተሰበረ ነገር የለ። ሴትየዋ ግን እዚያ ላይ ቆመች። መቼ ነው? ከዚያ በኋላ ድምፅሽ ጎርንኖ ነበር? ስትውጪ ያምሽ ነበር? ዓይንሽ ጨለመብሽ? ነገሩ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንድትቀርብና የታነቀች መሆኗን በግልጽ እንድትናገር ነገረቻት። ለካስ አንገት ሲታነቅ ውጭው ቆዳ ምንም ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ያለው የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ሊከሰት ይችላል።

እነዚያን ጥያቄዎች በግምት እንዳልጠየቀች የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጃክሊን ካምፕቤል የተባሉ አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጁት፣ ከዚያም በጥናት እየዳበረ የመጣ የአደጋ መመዘኛ አለ። አንዲት ሴት በባሏ ወይም በፍቅረኛዋ የመገደል አደጋዋ ምን ያህል እንደቀረበ የሚያሳዩ ምልክቶችን የሚለይ ነው። መታነቅ ከከባዶቹ ምልክቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ በትዳር ጓደኛዋ ታንቃ የምታውቅ ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከሰባት እጥፍ በላይ እንደሚሆን አሳይቷል። «ያዝ አድርጎኝ ነበር» የሚለውን ቃል ሰምታ የምታቆም ሴት ስልኩ ጫፍ ላይ ባትኖር ኖሮ፣ እኔ ዛሬ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት እህቴ በአካል አገኘቻት፤ ሁለት ጊዜ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እህቴ «ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲጠጣ ነው» አለች። ሴትየዋ አልተከራከረችም። «ጠጥቶ ከአለቃው ጋር ይጣላል?» ብላ ጠየቀች። አይ። «ከጎረቤት ጋርስ?» አይ። «ፊትሽ ላይ ይመታሻል?» እህቴ ትንሽ ቆይታ «አይ። ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቁጣው ያመለጠው ሰው የት እንደሚመታ አይመርጥም፤ እሱ ግን ይመርጥ ነበር። ይህን ያለችው ባለሙያዋ አይደለችም፤ እህቴ ራሷ ናት፣ ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ።

ሌላ ቀን ባለሙያዋ ወረቀት ላይ የጋሪ እግር የሚመስል ክብ ሳለችላት። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ዱሉዝ በምትባል ከተማ፣ የተደበደቡ ሴቶች ራሳቸው ከተናገሩት ተሰብስቦ የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ሥልጣንና ቁጥጥር ተጽፏል። ዙሪያውን ገንዘብ መከልከል፣ ከዘመድ መነጠል፣ በልጆች ማስፈራራት፣ ማዋረድ፣ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ማለት፣ «ምን አደረግሁሽ?» ብሎ መካድ። ዱላው እነዚህን ሁሉ አቅፎ የያዘው የውጭ ቀለበት ነው። እህቴ ጣቷን እያንዳንዱ ላይ እያሳረፈች ዞረች። ደመወዟን ተቀብሎ የሚሰጣት እሱ ነው። እኛ ዘንድ መምጣት ያቆመችው ሥራ ስለበዛባት አልነበረም። እኔ ባለትዳር ስትሆን ዘመድ ረሳች ብዬ ተቀይሜያት ነበር።

«ታዲያ ለምን አትወጣም?» የሚለውን ጥያቄ እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ በየዜናው ሥር የሚጻፈውም እሱ ነው። መልሱን ያገኘሁት የባለሙያዋን አሠራር ሳይ ነው። ለመውጣት የመወሰኛውና ከወጡ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋው የአደጋ ጊዜ ነው፤ የሚቆጣጠረው ሰው ቁጥጥሩ እያመለጠው መሆኑን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ «ውጪ» ብላት አታውቅም። ዕቅድ ሠሩ። የልደትና የትምህርት ማስረጃዎች ቅጂ እኔ ቤት ተቀመጠ። ትርፍ ቁልፍ ተቀረጸ። ጠብ ሲነሳ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዳትገኝ፣ አንዱ ስለት ስላለበት ሌላው መውጫ ስለሌለው። ከጎረቤቷ ጋር አንድ የምልክት ቃል ተነጋገረች፤ ያ ቃል በስልክ ከተላከ ፖሊስ ይጠራል። የስምንት ዓመቱ ልጇ መሀል ገብቶ እንዳይገላግል ተነገረው፤ ሥራው እህቱን ይዞ መውጣት ብቻ መሆኑን ሲሰማ፣ ትከሻው ሲወርድ አይቻለሁ ብላኛለች። ስልኳ ያለችበትን ቦታ ለእሱ እያሳበቀ መሆኑም የተገኘው በዚያ ሰሞን ነው። ወዲያው አላጠፉትም፤ ድንገት ከጠፋ እንደሚጠረጥር ሴትየዋ አሳስባት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እህቴ አንድ ጊዜ ወጥታ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ቤተሰብ ተሰብስቦ አስታርቆ፣ እሱ ምሎ፣ ልጆቹ ናፍቀው። እኔ ጮህኩባት፣ ስልክ ሁሉ አላነሳም አልኳት። አሁን ሳስበው፣ እሱ ለዓመታት የደከመበትን ከሰው የመነጠል ሥራ እኔ በአንድ ቀን ልጨርስለት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እህቴ እያፈረች ስትደውልላት ባለሙያዋ ያለችው «እንኳን ደወልሽ» ነው። ሌላ ምንም። ብዙዎች ከመለያየታቸው በፊት ተመላልሰው እንደሚሄዱ ታውቃለች፤ በሩን ክፍት አድርጎ መያዝ ከሥራው ዋናው ክፍል ነው።

ስለ እርቁም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ደግ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። በእኩዮች መካከል ያለ አለመግባባት በእርቅ ይፈታል። አንዱ ሌላውን ፈርቶ የሚኖርበት ቤት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በይ ተናገሪ» ማለት፣ እዚያ የተናገረችውን ማታ ቤት ውስጥ እንድትከፍልበት ማድረግ ነው። የእኛ እርቅ እንደዚያ ነበር። «ሁለታችሁም ታረሙ» ተብሎ ተመረቀ።

«ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን አባባል ልጅ ሆኜ ሰምቼ ስቄበታለሁ። ዛሬ አንድ ሰው ሲለው ስሰማ ዝም አልልም፤ ጨዋታ ቢበላሽም ይበላሽ። አንዲት ሴት በባሏ እጅ ስትሞት «ምን አድርጋው ይሆን?» «ቅናት ነው፣ ስለሚወዳት ነው» ብለው የሚጽፉ ሰዎች፣ ያንን ጽሑፍ ማን እያነበበው እንደሆነ አያስቡም። በሚቀጥለው ክፍል ባሏ ተኝቶ፣ የስልኳን ብርሃን ቀንሳ የምታነብ አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ በሕይወቷ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባታል፤ አብዛኛውም በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ የተፈጸመ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 51,100 ሴቶችና ልጃገረዶች በትዳር ጓደኛቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል ተገድለዋል ይላል፤ በቀን ወደ 140 ነው። «ምን ብናገር ሰው ምን ይለኛል?» ብላ የምታስብ ሴት መልሱን የምታነበው ከእኛ አስተያየት ላይ ነው። ጥቃት የሚደርስባቸው ወንዶችም አሉ፤ እነሱን ደግሞ «ወንድ ሆኖ!» የሚለው ሳቅ ነው ዝም የሚያሰኛቸው።

እንዲህ ያለ ባለሙያ የምትፈልጉ ከሆነ፣ በምትኖሩበት አገር የጥቃት መከላከያ ነጻ የስልክ መስመር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም የሴቶች የሕግ ድጋፍ ቢሮ መንገዱን ያውቃሉ። የሚቆጣጠራችሁ ሰው በማይፈትሸው ስልክ ደውሉ። ያነሳው ሰው «ለምን እስካሁን ቆየሽ?» ካለ ስልኩን ዘግታችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ጥሩዎቹ እንደዚያ አይሉም። ለእህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ የምትጨነቁም መደወል ትችላላችሁ። እኔ በተመለሰችበት ወቅት ደውዬ ምን ማለት እንዳለብኝ ጠይቄያለሁ። «አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ በፈለግሽ ሰዓት በሬ ክፍት ነው በያት፤ ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ» ነው ያለችኝ። መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን ማለት የነበረብኝ ይኸው ነበር።

ይህን ጽሑፍ እህቴ ቀድማ አንብባዋለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እርማት አደረገች። «አዳነቻት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዛው «የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አብራኝ ነበረች» አለችኝ። ባለሙያዋም እንደዚያ ብትባል የምትመርጥ ይመስለኛል።

አሁን ለአንቺ ልጻፍ። በአንድ ፈረቃ የስንት ሴት ታሪክ ሰምተሽ ወደ ቤትሽ እንደምትሄጂ አላውቅም፤ አንድ ማታ ስንለያይ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር፣ አንቺ ግን «እንቅልፍ ነው» አልሽን። ፍርድ ቤት ከእኛ ጋር አራት ሰዓት ቆመሽ ጠብቀሻል። አንድ ጊዜ እሱ ደውሎ የሰደበሽንም እህቴ ነግራኛለች። ፋይሉ ሲዘጋ የሰዎቹ መጨረሻ ምን እንደሆነ የማትሰሚ መሆንሽን በጨዋታ መሀል አንስተሽ ነበር፤ ስለዚህ መጨረሻውን ልንገርሽ። እንዳይቀርባት የሚከለክለው የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ታድሷል። ሐኪሙ አንገቷ ደህና ነው ብሏል። ደመወዟ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይገባል። ትንሿ አሁንም መብራት በርቶላት ነው የምትተኛው። ትልቁ ግን በር ሲንኳኳ እህቱን ይዞ መሮጥ ትቷል፤ ባለፈው ሳምንት ስመጣ ራሱ ከፈተልኝ።