ድርሰት የሚጠላ ልጅ ላላችሁ ወላጆች

ልጄ 6ኛ ክፍል ነው። "ድርሰት ጻፍ" ሲባል ሆዱን ያመው ነበር። አምና ደብተሩን ገልጬ ሳይ "የእናት ውለታ" በሚል ርዕስ 6 መስመር ጽፏል። ስድስቱም በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉረዋል። "ሐ" በ"ሀ" ተጽፏል፣ አራት ነጥብ ተረስቷል፣ ከ10 3። ስለጻፈው ነገር ግን አንዲት ቃል የለችም። እናትየው ደግሞ እኔ ነኝ። ከልጁ በላይ ከፋኝ።

ዘንድሮ ጎረቤቴ አንዲት ወጣት መምህርት ጠቆመችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ገርጂ አካባቢ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል 12 ልጆች ታስጽፋለች። ልጆቹ "ቲቸር" ይሏታል፣ እኔም ለመድኩት።

የመጀመሪያ ቀን ልጄ ብቻዬን አልገባም ስላለ ኋላ ተቀመጥኩ። ርዕስ ስትሰጥ ብጠብቅ የለም። ያናደዳችሁን፣ ያሳቃችሁን፣ የምታውቁትን ነገር ዘርዝሩና አንዱን ምረጡ አለቻቸው። አንዷ ስለ ታክሲ ረዳት፣ አንዱ ስለ አርሴናል (ያው መቼም)፣ የእኔው አያቱ ቤት ስለሰበረው ሲኒ። ግጥም ያማረው ግጥም፣ ደብዳቤ ያማረው ደብዳቤ።

እሷ የምታስተምረው 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፣ ያውም አንድ ነገር። የዛን ቀን ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚጻፍ አሳየች። ከዚያ 40 ደቂቃ ሁሉም ይጽፋል፣ እሷ በርጩማዋን ይዛ ከልጅ ልጅ ትዞራለች። መጨረሻ ላይ ደስ ያለው ለጓደኞቹ ያነባል።

ልጄ "ሲኒው ተሰበረ። አያቴ ተቆጣች።" ብሎ ጨረስኩ አላት። ፊደሉን አላረመችም።

"ስትቆጣ ምን አለች?"

አሰበ። "ምንም። ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ሰበሰበችው።"

"በቃ እሱን ጻፈው" ብላው ሄደች። እኔ ኋላ ተቀምጬ እንባዬ መጣ።

የፊደል ግድፈቱስ ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ሊጡ ሳይቦካ ስለ እንጀራው ዓይን አይወራም" አለችኝ። የሚታረመው ጽሑፉ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ሲል ነው። የአሠራሩ ፈጣሪ እኔ አይደለሁም ትላለች። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ናንሲ አትዌል የምትባል መምህርት ልጆች ርዕሳቸውን ራሳቸው እየመረጡ እንዲጽፉ ስታስተምር ኖራ በ2015 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የመምህራን ሽልማት፣ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ አሸንፋለች። እኛ ጋ በአንድ ክፍል 50 ልጅ ታጭቆ እንዴት ይሆናል አልኳት። መምህሩ በቀን 5 ልጅ ካነጋገረ በ10 ቀን ሁሉም ይዳረሳል አለችኝ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ መምህራኑ ይፍረዱ።

እውነቱን ልናገር፣ "ዛሬ ስንት ገጽ ጻፈ?" ለሚል ወላጅ አትመችም። አንድ ጽሑፍ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ለፈተና እንዲለምዱት ግን በወር አንዴ ርዕስ ሰጥታ ሰዓት ይዛ ታስጽፋቸዋለች።

ቲቸር፣ እግዜር ያክብርሽ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

የሲኒው ታሪክ አሁን 4 ገጽ ሆኗል። አያቱ ሁለቴ አስነብባዋለች። ሲኒውን የሰበረችው ግን ድመቷ ናት ብሎ ጽፏል።